የጠጋኟ አሥር ገዢዎች

ኮምፒውተሩ እንዲሸጥ ተፈርዷል። የፈረደችው ሚስቱ ናት፤ ያጸደቁት ደግሞ አማቱ፣ የሚስቱ እናት። ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ቀን ቀን የውሃ ቢል በሚከፈልበት ቢሮ ሦስተኛው መስኮት ላይ ይቀመጣል። ከሥራ ሲወጣ ግን ጌም ሠሪ ነው። ማንም አልቀጠረውም፣ ማንም አይከፍለውም፣ ማንም ና ሥራልኝ አላለውም፤ በገዛ እጁ ነው የገባበት። አማቱ "ኢንጂነሩ" ይሉታል። ሌላ ሰው ቢለው ማዕረግ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን የሆነ ነገር ተጨምሮበት ነው የሚወጣው።

ቤታቸው ውስጥ ደህና ብርሃን የሚገባው አንድ ክፍል ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል የሚስቱ የስፌት መኪና አለ፤ ከፊት ለፊቷ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የሱ ኮምፒውተር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተፋጠው ተቀምጠዋል። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ይጠቀጥቃል። የሷ ሥራ በበር ይወጣና ገንዘብ ሆኖ ይመለሳል። የሱ ሥራ ግን የበሩን መልክ አይቶት አያውቅም።

ሚስቲቱ የቸገራት ኦቨርሎክ ነበር፤ ጨርቅ ጠርዙ እንዳይተረተር የምትቋጨው መኪና። ስለሌላት የሰፋችውን ሁሉ ታቅፋ መንገድ ተሻግራ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሄዳለች፣ ከፍላ ጠርዙን ታስጨርሳለች። ያ ሰውዬ ታዲያ ባያት ቁጥር "ዛሬም መጣሽ?" ይላታል። ከክፍያው ይልቅ አንጀቷን የሚያሳርራት ይቺ "ዛሬም" የምትለዋ ቃል ነች። አንድ እሑድ ምሳ ተነሥቶ እንዳበቃ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ኮምፒውተሩ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ መለካት ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አላት።

"ኦቨርሎኳ እዚህ ትገባ እንደሆነ እያየሁ ነው። ኮምፒውተሩ ቢሸጥ ያገለገለች አንድ ደህና ኦቨርሎክ ይገዛል፤ ጠይቄያለሁ።"

"ኧረ ትገባለች" አሉ አማቱ ከሶፋው ላይ ሆነው። እሳቸው ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ነው መኪናዋን ለልጃቸው ያወረሱት። በስፌት ጉዳይ ቃላቸው አይታጠፍም።

"ጌሙ እኮ ሊያልቅ ነው" አለ እሱ።

"ሊያልቅ ነው ስትለኝ የጎረቤታችን ልጅ ገና አልተወለደም ነበር" አለች ሚስቱ። "አሁን አፍ ፈትቶ ይሰድበኛል።"

አማቱ እጃቸውን አነሡ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እስቲ ንገረኝ ኢንጂነር፣ ይኼን ነገርህን ስንት ሰው ይገዛዋል?"

"እማማ፣ በዓለም ላይ ስንት ሚሊዮን ጌም ተጫዋች እንዳለ ቢያውቁ።"

"ሚሊዮኑን ተወው። አሥር። ለሽያጭ ካወጣኸው ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ አሥር የማናውቀው ሰው ከፍሎ ከገዛልህ፣ ኮምፒውተሩ ይቀመጣል። ዘጠኝ ከሆነ ግን ይሸጣል።"

ኢንጂነሩ ሳቀ። ከዓለም ሕዝብ አሥር ሰው የሚያጣ ምን ዓይነት ዕድለ ቢስ ነው ብሎ ነው የሳቀው። አይ ኢንጂነር።

ጌሟ "ጠጋኟ" ትባላለች፤ በስልክ የሚጫወቷት ናት። አንዲት ትንሽ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ይዛ በተቀዳደደ ከተማ ውስጥ እየዞረች የተበጠሰ ድልድይ፣ የተተረተረ ጣራ፣ አልፎ አልፎም የተቀደደ ሰማይ ትሰፋለች። ክር ሲያልቅባት ወደ ኋላ ተመልሳ አሮጌ ስፌት መፍታት አለባት። አንዴ ከጀመሯት በኋላ አንድ ቀን ሳትከፈት ከዋለች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ላይ እያፏጨች ባለቤቷን ትጠራለች፤ ይቺ የኢንጂነሩ ተንኮል ናት። ፉጨቱንም ሙዚቃውንም የሠራለት ወዳጁ ፀጉር አስተካካዩ ሲሆን፣ የፀጉር ማሽኑን እዝዝታ ቀድቶ ላዩ ላይ በአፉ አፏጭቶበት ነው። ደመወዙ ተስፋ ነበር። የጌም መደብሩ ለመመዝገቢያ የሚጠይቀውን ለመክፈል ኢንጂነሩ ብስክሌቱን ሸጧል። ከዚያ ወዲህ ወደ ቢሮ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ለሚጠይቀው ሁሉ "ለጤና ነው" ይላል።

ለማንም ያልነገረው አንድ ነገርም ነበረው። ያቺን ትንሽ ልብስ ሰፊ የሣላት ከስክሪኑ በላይ እያጮለቀ ሚስቱን እያየ ነው።

ጠጋኟ በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ለሽያጭ ወጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መቶ ሰው ገጿን ከፍቶ አየ፤ የገዛ ግን የለም። ኢንጂነሩ በሁለት ባለ ቢል መሀል ስልኩን እያወጣ ያያል፤ ዜሮ። ለቢሮ ጓደኞቹ ነገራቸው፤ ሁሉም ደስ አላቸው፣ ሁሉም በነፃ ላክልን አሉት። አራተኛው መስኮት ላይ የሚቀመጠው፣ በቀን ሁለት ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው፣ "ለጌምም ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?" ብሎ ከልቡ ገርሞት ጠየቀ። ሁለተኛው ሳምንትም ያው ሆነ፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ምግብ አልበላ አለው። ቤት ሲገባ ኮምፒውተሩን እንደሚሸጥ በግ ነበር የሚያየው። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ እንደታሰረ፣ ሆዱን ዘረገፈ።

"ታዲያ ለምን አንተው አትገዛውም?" አለው ወዳጁ።

"የራሴን ጌም?"

"ያንተ መሆኑን መደብሩ በምን ያውቃል? ገንዘቡን ለኔ ስጠኝ። በኔ ስልክ፣ በሚስቴ ስልክ፣ በወንድሜ ስልክ፣ በእናቴ ስልክ እገዛልሃለሁ። ገንዘቡ እንደሆነ ዞሮ ዞሮ ወደ ኪስህ ነው።"

"መደብሩ ከአሥሩ ሦስቱን ለራሱ ይቆርጣል።"

"ይቁረጥ። እኔም ስቆርጥ ነው የምውለው፤ መልሶ ይበቅላል።"

ማፈሩንስ አፈረ። ግን "ዘጠኝ ሞት መጣ" ቢሉት "አንዱን ግባ በለው" አለ ይባላል፤ እሱም የአራት ማኪያቶ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠ። የሰጠውም እውነተኛ ማኪያቶውን ትቶ ነው። የአራተኛው መስኮት ማኪያቶ ሲመጣ ፊቱን ወደ ቢሉ ያዞራል።

በማግሥቱ የሻጩ ገጽ ላይ አራት የምትል ቁጥር ወጣች። ራሱ ያስገዛት መሆኑን እያወቀ ደስ አለው፤ እንዲህ ነው ሰው። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥሯ አምስት ሆነች። ቀጥሎ ስድስት። ኢንጂነሩ ክው አለና ወዳጁ ጋ ደወለ።

"ጨመርክ እንዴ?"

"እኔ? ከየት አምጥቼ?"

"ስለዚህ እውነተኛ ሰው ነው የገዛው" አለ ኢንጂነሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አረማመዱ ተለወጠ። ቢል ሊከፍሉ የመጡትን "እንደምን ዋሉ" ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሯ ሰባት ስትደርስ ደግሞ የመጀመሪያው አስተያየት ተጻፈለት። ጸሐፊው ራሱን "ክር ቆራጭ" ብሎ የሰየመ ሰው ነው፤ የሰጠው ሦስት ኮከብ፣ የጻፈውም ይኼን ነው፦ "ጨዋታው ይይዛል። ነገር ግን የስፌት መኪናዋ መዘውር የምትዞረው ወደ ኋላ ነው። የሠራው ሰው ስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም።"

ኢንጂነሩ ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ መጡበት። ቢሮ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ፣ ወረፋውን አቁሞ መለሰ፦ "ውድ ደንበኛችን፣ በጉዳዩ ላይ ለሁለት ዓመታት በቂ ጥናት አድርገናል።" ክር ቆራጭ ግን አልዘገየም፦ "አላጠናህም ልጄ።"

"ልጄ ይለኛል" አለ እራት ላይ። "ስለ ስፌት ምንም የማያውቅ ሰው፣ መዘውሯ ወደ ኋላ ትዞራለች ብሎ ይከራከረኛል።"

"ወዴት አድርገህ ነው ያዞርካት?" አለች ሚስቱ።

"አንቺ ደግሞ እንዳትጀምሪ።"

እሷም አልጀመረችም። አማቱ ግድግዳው ሥር ቆመው ስልካቸውን ቻርጅ ላይ እየሰኩ፣ "ሰው ምን የማይለው አለ ብለህ ነው" አሉት። ሰሞኑን የሳቸው ስልክ ባትሪ አልበረክት ብሎ፣ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት ቻርጀር ሆኗል። ስልኩ ስላረጀ ነው ብለው ነበር የነገሩት።

ሠላሳኛው ቀን እሑድ ሆኖ ዋለ። ኢንጂነሩ ጧት ሲነሣ ቁጥሯ አሥር ብላ ቁጭ ብላለች። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። ፀጉር አስተካካዩን በምስክርነት ጠራው። ከምሳ በኋላ አማቱን ሶፋው ላይ፣ ሚስቱን መኪናዋ ላይ አስቀምጦ፣ ስክሪኑን ወደነሱ አዞረና "አሥር" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፣ ጠፋበት።

ሚስቱ ቁጥሯን አየችና ዓይኗን ወደ ጨርቋ መለሰች። አማቱ መነጽራቸውን አደረጉ።

"የማናውቀው ሰው ነበር ያልነው" አሉ። "ከየት ከየት ናቸው?"

ይኼን ጊዜ ነው ኢንጂነሩ ራሱን በራሱ ያረደው። የወሩ ሪፖርት ጧት ነበር የመጣለት፤ ሸሚዝ ሲተኩስ አልከፈተውም። "አሁን እናያለን" ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት ከፈተው።

አሥር መስመር ነበር። የገዢው ከተማ በሚለው ሥር አሥሩም ላይ የተጻፈው እነሱ የሚኖሩበት ከተማ ነው። ከጎኑ ስንት ሰዓት እንደተጫወቱ ይናገራል። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ዘጠኙ ሰዎች ጌሟን ገዝተው አንዴም አልከፈቷትም። አሥረኛው ብቻ አርባ አንድ ሰዓት ተጫውቷል።

"እኔ የማውቀው ጨርቅ የገዛ ሰው ቢያንስ ይዘረጋዋል" አሉ አማቱ። "እነዚህ ምን ዓይነት ገዢዎች ናቸው?"

ኢንጂነሩ ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ መዋሸቱን ግን አልቻለበትም።

"አራቱ የኔ ናቸው" አለ መሬት መሬት እያየ። "ገንዘቡን እኔ ነኝ የሰጠሁት። እሱ ነው የገዛልኝ።"

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሁለቱ ደግሞ በራሴ ገንዘብ ነው።"

"ከየት አምጥቼ አላልከኝም?"

"አልኩህ። ደስታህን ሳየው እንዴት ልንገርህ? ፉጨቱስ ቢሆን የኔ አይደለም?"

አሁን ስድስት ሆነ። የስፌት መኪናዋ ቆመች።

"ሦስቱ የኔ ናቸው" አለች ሚስቱ።

ኢንጂነሩ የሰማውን አላመነም። "ያንቺ?"

"ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከሒሳባቸው ቀንሼላቸው፣ ይኼን ግዙልኝ አልኳቸው።"

"ኮምፒውተሩ ይሸጥ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። ኦቨርሎኳን እፈልጋለሁ፤ አሁንም እፈልጋለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቃሏ አልጠነከረም። "ግን በዚያ ሁለት ሳምንት ከሥራ ስትገባ ፊትህን አየሁት። አንጀቴን በላኸው። አንተን እንደገና እንደዚያ ሆነህ ማየት አልቻልኩም፤ ምን ላድርግ?"

የሱ ዓይን እንባ ሲያቀርር፣ ሸሚዙን የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ።

"ግድ የለም፣ አሥረኛው አለልን" አለ ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን ሊያቀልል። "አርባ አንድ ሰዓት እኮ ነው። አንድ የማናውቀው ሰው ከልቡ ወዶልናል ማለት ነው።"

ይኼን ብሎ ሳይጨርስ ፉጨት ተሰማ። የራሱ ፉጨት ነው፤ ጠጋኟ ዛሬ አልተከፈትኩም ብላ ባለቤቷን እየጠራች ነው። የሚመጣው ከሶፋው ላይ፣ ከአማቱ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ሁሉም ወደ ቦርሳው ዞሩ። አማቱ ቀስ ብለው ከፈቱ፣ ስልኩን አወጡ፣ ፉጨቱን አጠፉ። ፊታቸው ላይ የእፍረት ምልክት የለም።

"ድልድዩ ላይ ነኝ" አሉ። "ክር አልበቃኝ ብሎ ነው።"

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ?" አለች ልጃቸው።

"እኔ ምን አጠፋሁ? ከፍዬ ነው የገዛሁት። ምን ሊሸጥብን ነው ብዬ ላየው ገባሁ፤ ከዚያ ልውጣ ብል እንቢ አለኝ። ከሁላችሁ መሀል ከፍቶ ያየው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።"

"ክር ቆራጭ..." አለ ኢንጂነሩ።

"አቤት ውድ ሻጫችን" አሉት። "ሁለት ዓመት አጥንተሃል አሉ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፤ አልተዋጠለትም። አማቱ ግን ወዲያው ፊታቸውን ወደ ዳኝነት መለሱት። "ውል ውል ነው። የማናውቀው ሰው ብለን ነበር። የማናውቀው አንድም የለም። ኮምፒውተሩ ይሸጣል።"

ኢንጂነሩ አልተከራከረም። የሚከራከርበትም አልነበረውም፤ አጭበርብሮ እንኳ አልሆነለትም። ተነሥቶ የኮምፒውተሩን ገመድ ሊነቅል እጁን ዘረጋ።

"ቆይ" አለች ሚስቱ። "ያ ሁሉ የከፈልነው ገንዘብ አሁን የት ነው ያለው?"

"መደብሩ ውስጥ።"

"አውጣዋ።"

"አይወጣም። ሃምሳ ሰው ካልገዛ መደብሩ አይከፍልም።"

"ኮምፒውተሩ ከተሸጠስ?"

"ጌሟን የሚያድስ ሰው ከሌለ መደብሩ ያነሣታል። ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሚስቲቱ ሜትሯን አነሣችና አንገቷ ላይ አደረገች። ሜትሯን እንዲህ ስታደርግ ነገር ልትጀምር እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

"እኔ ሰማይ ላይ ላም አላረባም" አለች። "የሦስት ሱሪ ሒሳቤ እዚያ ውስጥ ነው። እሱ ሳይወጣ ኮምፒውተሩ ከዚህ ቤት አይወጣም። ስንት ሰው ቀረ?"

"አርባ።"

"ማን ነው የሚሸጠው?"

"እኔ..."

"አንተማ ስትሸጥ አየንህ። እኔ እሸጣለሁ። ሱሪው እስኪያልቅ እዚህ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ምን ሲያደርግ ይውላል? ስልኩን ሲነካካ ነው። አንተም" አለች ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞራ፣ "ወረፋ ጠባቂ አለህ።"

"አለኝ" አለ እሱ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ። "እናቴም ትጫወታለች፤ ስልኳ ላይ መኖሩን ገና አልነገርኳትም እንጂ።"

"ሞልተዋል የሚገዙ" አሉ አማቱ። "እኔም የድሮ ሰፊ ጓደኞች አሉኝ፣ ስድስት ይሆናሉ። ግን መዘውሯ እንደዚህ ሆና አላሳያቸውም፤ ይስቁብኛል።"

"እማማ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እያየሁ ነው እኮ የሣልኳት።"

"ከየት ሆነህ?"

በእጁ ወንበሩን አሳያቸው።

"እሱን ተወውና እዚያ ተቀመጥ" አሉት፤ በልጃቸው ጎን ያለችውን፣ ጨርቅ የሚደረደርባትን በርጩማ እያመለከቱ።

ጨርቁን አንሥቶ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ። እሷ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባችና መዘውሯን በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረች። ከሱ ወንበር ሲታይ መዘውሯ ሁልጊዜ ከሰው ስትሸሽ ነበር የምትታየው፤ ጌሙ ውስጥ ሰፊዋን ከጀርባዋ ሲሥላትም ያንኑ ሽሽት ይዞ ሄደ። እዚህ ከጎኗ ሲሆኑ ግን መዘውሯ ወደ ሰፊዋ ነው የምትመጣው። ሞኝ እንኳ አይስታትም።

"ወዳንቺ ነው ለካ" አላት።

"ከመጀመሪያውም ወደኔ ነው።"

አፈረ፤ ስለ ኮምፒውተሩም ስለ አራቱ ማኪያቶም ያን ያህል አላፈረም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሥላት፣ አንድ ቀን መጥቶ ከጎኗ አልተቀመጠም። "ድገሚልኝ" አላት። ደገመችለት። ሦስተኛም ጠየቃት፤ ገብቶት እንደነበር አውቃለች፣ ግን አዞረችለት።

ስህተቷ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለች አንዲት የመቀነስ ምልክት ነበረች። ሰረዛትና አዲሱን ወደ መደብሩ ላከው። አማቱ ስልካቸውን ቻርጅ ላይ እንደሰኩ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀው ከፈቱት፣ መዘውሯን ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት፣ ከዚያ ጣታቸውን አርሰው ኮከቧን አራት አደረጉለት።

"አምስተኛዋስ እማማ?" አላቸው ኢንጂነሩ።

"ኦቨርሎኳ ስትገባ" አሉና ወደ ድልድያቸው ተመለሱ።